መርዶው እንዳይቀድመን

የዚህን ታሪክ ባለቤቶች፣ እህትንና ወንድምን፣ አስፈቅጄ ነው የምጽፈው። ሁለቱም "ጻፈው፤ ስማችንን ግን እንዳትጠራ" ብለውኛል። እኔም የማንንም ስም አልጠራም። የራሴንም አልጠራም፤ የራሴን የማልጠራው ግን ከትሕትና ሳይሆን ከእፍረት ነው።

ናይሮቢ ስገባ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብና ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ሥርዓት እወዳለሁ። ጠመኔዎቼን በቀለም፣ ካልሲዎቼን በቀን ለይቼ ነበር የማስቀምጠው። ከሥርዓት አስበልጬ የምወደው ነገር ቢኖር ማስረዳት ነው። ማታቱ በሚባለው የናይሮቢ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሰዓት ከጠየቀኝ፣ ሰዓቱን ነግሬው አልተወውም፤ ኬንያ የምድር ወገብ ላይ ስለሆነች ቀንና ሌሊቷ ለምን እኩል እንደሚሆን እስክንወርድ ድረስ አብራራለታለሁ። ሰውየውም ሲወርድ "አሳንቴ፣ ምዋሊሙ" ይለኛል፤ አመሰግናለሁ፣ መምህር ማለቱ ነው። መምህር መሆኔን ግን አልነገርኩትም ነበር።

የምኖረው በአንዲት ኤርትራዊት እናት ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ናይሮቢዎች እንዲህ ያለችውን የጓሮ ክፍል "ኤስኪው" ይሏታል። የቤቱ ባለቤት ስልሳዎቹን የጀመሩ፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ሴት ነበሩ። "አደይ" እላቸው ነበር፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። እርሳቸው ደግሞ "ወደይ"፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ሲቆጡኝ ብቻ "መምህር" ይሉኝ ነበር።

አደይ የአንድ ቤተሰብ የስልክ ማዕከል ነበሩ። እናታቸው አስመራ፣ ታናሽ ወንድማቸው አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። ከጦርነቱ ወዲህ በሁለቱ አገሮች መካከል ስልክ አይደወልም፤ ከናይሮቢ ግን ለሁለቱም ይደወላል። ስለዚህ አደይ ሁለት ሞባይል ነበራቸው። እሁድ እሁድ በአንዱ አስመራ፣ በሌላው አዲስ አበባ ይደውሉና፣ ሁለቱን ስልኮች አፍና ጆሮ እያገናኙ አንዱን በአንዱ ላይ ገልብጠው ይይዟቸዋል። እናትና ልጅ በአደይ መዳፍ ውስጥ ያወራሉ። እጃቸው ሲደክም እኔ እቀበላቸዋለሁ። አሮጊቷ "ልጄ፣ በላህ?" ሲሉ፣ ልጅየው "በላሁ እማዬ" ሲል፣ እኔ እዚህ መሐል ቆሜ እንደ ግንድ ሁለት ስልክ ታቅፌ እሰማለሁ።

ለብዙ ዓመት በሰላም የሠራ ነገር ነበር። ማሻሻል የፈለግሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ፎቶውን የሚለጥፍበት፣ ወዳጆቹን የሚሰበስብበት ድረ ገጽ ናይሮቢን እንደ ጉንፋን ይዟት ነበር። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለሀበሻው ሁሉ የኢንተርኔት ትምህርት ጀምሬ ነበር። ገንዘብ አልቀበልም፤ ክፍያዬ አድማጭ ማግኘቴ ነው። የትምህርቱ ርእስ "የግል መረጃችንን እንዴት እንጠብቅ" ይላል። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ቤት ሣልኩ። ፊት ለፊቱ በረንዳ፣ መሐሉ ሳሎን፣ ጀርባው ጓዳ።

"ማንኛውም አላፊ አግዳሚ የሚያየው በረንዳችን ነው" አልኩ። "ወዳጅ የሚያየው ሳሎናችን ነው። ጓዳችንን የምናየው እኛ ብቻ ነን። ድረ ገጹ ላይ የምትለጥፉትን እያንዳንዱን ነገር ከእነዚህ በአንዱ ማስቀመጥ ትችላላችሁ።"

ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ከኋላ እጃቸውን አወጡ። "መምህር፣ ቤቱ የማን ነው?"

"የእርስዎ ነዋ፣ አባባ።"

"ኪራይ የማልከፍልበት ቤት ጓዳው የእኔ ከሆነ፣ እስቲ ለእኔም እንዲህ ያለ ባለቤት ፈልግልኝ!"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍኩ። ጥያቄውን ያለፍኩት መልሱን ስለማላውቀው ነበር፤ ፊቴ ላይ ግን "ይህ ለከፍተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው" የሚል መልክ አሳይቼ እንደነበር አስታውሳለሁ።

የሚቀጥለው ነጥብ የምስጢር ጥያቄ ነበር። የይለፍ ቃል የረሳ ሰው መልሶ እንዲገባ ድረ ገጹ "የእናትዎ ስም ማነው?" ብሎ ይጠይቃል። እኔም በታላቅ ጥንቃቄ አስረዳሁ። ፈረንጅ ይህን የሚጠይቀው እናቱ ስታገባ ስሟ ስለሚለወጥና የቀድሞውን የሚያውቅ ጥቂት ስለሆነ ነው። የእኛ እናቶች ግን ስማቸውን ለባል አይለቁም። የእናታችንን ስም ደግሞ ጎረቤቱም፣ ካህኑም፣ ዕድርተኛውም ያውቀዋል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ለእኛ ቁልፍ ሳይሆን የተከፈተ በር ነው። "መፍትሔው" አልኩ ጠመኔዬን ከፍ አድርጌ፣ "መዋሸት ነው። የሌላ ሴት ስም ጻፉ!"

ሴቶቹ አጉረመረሙ። አደይ ከፊት ተቀምጠው ነበር። "እዋይ!" አሉ፣ "እናቴን ልካድ?"

"ለኮምፒውተሩ ብቻ ነው፣ አደይ።"

"እሺ፣ መምህር" አሉኝ። ወደይ አላሉኝም።

በዚያው ሳምንት ገጽ ከፈትኩላቸው። ወንድማቸውም ቀደም ሲል ለሥራ ናይሮቢ መጥቶ ሳለ ምግብ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጬው የራሱን ከፍቼለት ስለነበር፣ ሁለቱን አገናኘኋቸው። ወንድምየው የልጆቹን ፎቶ ይለጥፋል፤ አደይ ያዩና ለአስመራ በስልክ ይተርካሉ። ገጻቸውን በረንዳ ላይ ተውኩት፣ ማንም እንዲያየውና እንዲጽፍበት። ምን የሚደበቅ ነገር አላቸው ብዬ ነበር።

ከወራት በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ማለዳ፣ ከኤስኪው ውስጥ ሆኜ የበሩ ደወል ሲጮህ ሰማሁ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ እንግዳ የለም። በመስኮት ሳይ አምስት ስድስት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ዋናው ቤት ሲገቡ አየሁ። ጥቂት ቆይቶ የአደይ ጩኸት ተሰማ።

እናታቸው አስመራ አርፈው ነበር። መርዶ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ልማድ ሆኖብኝ ግን ላስረዳ። ሞት የደረሰበት ቤት ዜናውን ለሐዘንተኛው በስልክ አይናገርም። ለሌላ ሰው ይነገራል፤ ያ ሰው ወዳጅ ዘመድ ይሰበስባል፤ በማለዳ፣ ሰውየው ቤቱ እያለ፣ ሥራ ሳይሄድ፣ ብቻውን ሳይሆን፣ ደጋፊ ክንድ ግራና ቀኝ ቆሞለት ይነገረዋል። አደይም እንደ ወጉ ተረዱ።

ቀጥሎ ያሉት የመጀመሪያ ቃል ስለ ራሳቸው አልነበረም። "ወንድሜ!" አሉ። "ወንድሜ ጅማ ነው!"

ወንድማቸው ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ጅማ ወርዶ ሆቴል ነው ያለው። አዲስ አበባ የሚመለሰው ቅዳሜ ነው። እንግዲህ እስከ እሁድ ማለዳ ድረስ ምንም መስማት የለበትም። እሁድ የዕድሩ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቱ ቤቱ ይሄዳሉ። ሚስቱ ተነግሯታል፤ አፏን ይዛለች። አደይ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ለሚገባው ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚደጋግሙት። "ሆቴል ውስጥ፣ ብቻውን፣ የሰው አገር ግድግዳ እያየ እንዳይሰማ። እኔ እኮ ነኝ ያሳደግሁት። ይህችን አንዲት ነገር ካላሳካሁ ምን እህት ነኝ?"

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ከሥራ መጡ። ጊጊሪ ሰፈር በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩ፣ ክራባታቸውን ለለቅሶም የማያወልቁ ሰው ናቸው። አጠገቤ ተቀመጡና በጆሮዬ፣ "መምህር፣ ቢሮ ሆኜ እኮ ነው የሰማሁት፤ በእርሳቸው ፔጅ ላይ አይቼ እኔም 'ነፍስ ይማር' ፖስት አደረግሁ" አሉኝ።

"የት ላይ?" አልኩ።

"ፔጃቸው ላይ ነዋ! ፎቶም አለ። አውሮፓ ያለችው የእህታቸው ልጅ ለጥፋዋለች። ሻማ፣ አበባ... ያምራል። ሃያ ሠላሳ ሰው ጽፎበታል።"

ልጅቱ እዚያው አውሮፓ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አያቷ ሲሞቱ ልቧ የነገራትን አደረገች፤ አጎቷ ያንን ገጽ የሚከፍት ሰው መሆኑንም አታውቅም። በረንዳውን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ወንድምየው ደግሞ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ሆቴሉ አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ለእህቱ "እማዬ እንዴት ዋለች?" ብሎ ይጽፋል። ይህንንም ያስለመድኩት እኔው ነኝ።

ለአደይ በጆሯቸው ነገርኳቸው። የለቅሶ ቤት ባለቤት ተነስታ ሳይበር ካፌ አትሄድም፤ ያ የማይታሰብ ነው። የጊጊሪው ጎረቤታችን ላፕቶፕ ግን መኪናቸው ውስጥ ነበር፤ ትንሿ የኢንተርኔት መሰኪያም አብራው።

"መምህር፣ የመሥሪያ ቤት ነው" አሉኝ ሲሰጡኝ። "ውስጡ ያለው ኮንፊደንሻል ነው። ሌላ ነገር እንዳትከፍት።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ስለ መረጃ ጥበቃ ነው የማስተምረው።"

"ለዚያ ነው የምነግርህ" አሉ።

አደይን ደግፌ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባሁ። ሳሎን ካሉት ሴቶች አንዷ "በለቅሶ ላይ ኮምፒውተር? ይህስ አዲስ ነው" ስትል፣ ሌላዋ "ለቅሶውንም በእርሱ ሊያስለቅሳቸው ይሆናላ" ስትል ሰማሁ። በሩን ዘጋሁ። አደይ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ፣ ላፕቶፑ ወንበር ላይ ሆንን።

"የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ፣ አደይ። እኔ ፊቴን አዞራለሁ።" እንዳስተማርኩት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ብዙ ቆዩ። "ጠፋኝ፣ ወደይ።"

"ያስቡት።"

"ራሴ መች አለ! አንተ አይደለህ ቁጥርና ፊደል ቀላቅይበት፣ ለማንም አትናገሪ፣ የትም አትጻፊ ያልከኝ? አልተናገርኩም፣ አልጻፍኩም፣ አሁን ደግሞ አላውቀውም።"

የቀረው የምስጢር ጥያቄው ብቻ ነበር። ተጫንኩት፤ ጥያቄው ወጣ። በዚያች ቀን፣ በዚያች ሴት ፊት፣ ላፕቶፕ ታቅፌ ይህን መጠየቅ ነበረብኝ።

"አደይ" አልኩ፣ "የእናትዎ ስም ማነው ይላል።"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ እኔም ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ የላፕቶፑን ስክሪን በእጅጌዬ ጠረግሁ። ቀና ሲሉ የሌላዋን ሴት ስም፣ ያኔ በውሸት የጻፉትን፣ ያስታውሱ እንደሆን ጠየቅኋቸው።

"የምን ሌላ ሴት?" አሉ። "የእናቴን ነው የጻፍኩት። ላንተ እሺ ያልኩህ አፍህን እንድትይዝ ነው።"

የእናታቸውን ስም ጻፉ፤ በሩ ተከፈተ። ምክሬን ሰምተው ቢሆን ኖሮ ደጅ ቀርተን ነበር።

ፎቶው ወጣ። አሮጊቷ ነጭ ለብሰው፣ ከጎናቸው ሻማ፣ ከሥሩ የሰው ሁሉ ቃል፤ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከኬንያዊ ጎረቤቶችም "ፖሌ ሳና፣ ማማ"፣ በጣም እናዝናለን፣ እናታችን። የወንድማቸው መልእክትም መጥቶ ነበር፤ የላከው ትናንት ነው። "እማዬ ጉንፋኑ ለቀቃት?" ይላል። አላየም። ጊዜ ነበረን።

"እንሰርዘው" አልኩና ፎቶው ላይ ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ለአደይ ተረጎምኩላቸው።

"ምኑን ነው የሚሰርዘው?"

"ፎቶውን።"

"እናቴን?" እጄን ያዙኝ። "ዛሬ? አንተ ሰው አይደለህም? ሊያጽናናኝ የመጣውንስ ሰው ሁሉ ከቤቴ ልታስወጣ ነው? ሌላ መላ ፈልግ።"

ሌላ መላ ነበረኝ! በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ጠቃሚ የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም። የገጹ ማስተካከያ ውስጥ፣ ማንም የማይገባበት ቦታ፣ ሁለት ሣጥኖች እንዳሉ አውቅ ነበር። በላይኛው ሣጥን ስማቸው የሚጻፍ ሰዎች ገጹን ማየት የሚችሉ ናቸው፤ በታችኛው የሚጻፉት ደግሞ የሚሰወርባቸው። የሚያስፈልገን የአንድ ሰው ስም፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ዝም ብዬ ብጽፈው ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። እኔ ግን እያስረዳሁ ጻፍኩት።

"አዩ አደይ፣ ላይኛው እንደ ተጋባዥ ዝርዝር ነው፣ ታችኛው ደግሞ በረኛው እንዳያስገባ የተነገረው ሰው ነው። ልዩነቱ ረቂቅ ነው፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ለምሳሌ ሠርግ ቢደግሱ..." ሠርጉን ስደግስ፣ እንግዶቹን ስጠራ፣ በረኛውን በር ላይ ሳቆም፣ ጣቶቼ የወንድማቸውን ስም በአንዱ ሣጥን ጻፉ። አስቀምጥ የሚለውን ተጫንኩ።

ቀጥሎ ለወንድማቸው መልስ መላክ ነበረበት። አደይ "ደህና ናት ብዬ በእናቴ ሬሳ ላይ አልዋሽም" አሉ። እኔ "መብራት ስለጠፋ አስመራ አልደወልኩም" የሚል ፈጠርኩላቸው። ላኩት። አዲስ የይለፍ ቃል ሲያወጡ እንደገና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት በራሴ ገጽ ገብቼ የአደይን ፈለግሁ። ተዘግቷል! ጮቤ ረገጥኩ። የጊጊሪው ሰው ደወሉ፤ "መምህር፣ ፔጁ የለም እኮ፣ ለእኔም ተዘጋብኝ!"

"ለደኅንነቱ ሲባል ሰፋ አድርጌ ዘግቼዋለሁ፣ ጋሼ" አልኩ። ለምን ለእርሳቸውም እንደተዘጋ አንዲት ደቂቃ ብቻ ባስብ ይገባኝ ነበር፤ የሒሳብ መምህር ነኝ። እኔ ግን ያን ቀን ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከክፍልፋይ ትምህርት ላይ ቆርጬ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ተጨማሪ ማብራሪያ ሰጠሁ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት መልእክት ደረሰኝ። ከወንድምየው ነበር። ዛሬም እንዳለ አስታውሰዋለሁ።

"መምህር፣ እንደምን አለህ። ትናንት ከሥራ ስወጣ የእህቴን ገጽ ከፍቼ እናቴን ከሻማ ጎን አየኋት። የጻፈውን ሰው ሁሉ አነበብኩ። ለምን እንዳልተነገረኝ ገብቶኛል፤ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ ነው። እሁድ ማለዳ ሰዎች ይመጣሉ ብዬ እገምታለሁ፤ ቤቴ እሆናለሁ። አደራህን፣ ማየቴን ለእህቴ እንዳትነግራት። ካወቀች እማዬን ሁለት ጊዜ ትቀብራታለች። ደግሞ መብራት ጠፍቷል ብላ ጽፋልኛለች፤ መብራት ከሌለ በምን ጻፈችው? ይህ ያንተ ዘዴ ይመስለኛል።"

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ። ከዚያ ነገሩ ቀስ ብሎ፣ ደረጃ በደረጃ፣ እኔ ለልጆች እንደማስረዳው ሆኖ ገባኝ። ገጹ ለእኔ ተዘግቷል። ለጊጊሪው ሰው ተዘግቷል። ለአዘነው ሁሉ ተዘግቷል። ለወንድምየው ክፍት ነው። የጻፍኩት ላይኛው ሣጥን ላይ ነበር። ያን ፎቶ፣ ያን ሻማ፣ ያን ሁሉ "ነፍስ ይማር" ከመላው ዓለም ሕዝብ ደብቄ፣ እንዳያይ ለተፈለገው ለአንዱ ሰው ብቻ አዘጋጅቼ አቅርቤዋለሁ። ገጹን እንደነበረ ብተወውም ማየቱ አይቀርም ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ይቅርታ፣ ቀጥሎ የስህተቱ መንስኤ፣ ቀጥሎ የሁለቱ ሣጥኖች ልዩነት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ፣ እናቱ ለሞተችበት ሰው ስለ ሣጥን እያስረዳሁ መሆኔን አየሁና ሁሉንም አጠፋሁት። "አደራህን ተቀብያለሁ" ብዬ ብቻ ላክሁ።

አሁን ገጹን ማስተካከልም አልችልም። የይለፍ ቃሉ አደይ ዘንድ ነው፤ ለማንም እንዳይናገሩ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እንዲከፍቱልኝ ብጠይቅ ለምን ይሉኛል። ስለዚህ ስህተቴ እንዳለ ቆሞ ቀረ፣ እኔም በየቀኑ ሁለት ጊዜ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ በአደይ ፊት ይዤው አልፋለሁ።

ቅዳሜ ማታ አደይ ጠሩኝ። ፊታቸው ከስቷል። "ወደይ፣ አዲስ አበባ ገባ አሉኝ። አላየም አይደል?"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሕይወቴን በሙሉ እውነቱን፣ ከነዝርዝሩ፣ ከነምሳሌው መናገር ግዴታዬ ይመስለኝ ነበር። አሁን የምናገረው እውነት የሚጠቅመው ማንን ነው? እርሳቸውን አይጠቅምም፤ ወንድማቸውንም አይጠቅምም። ቀለል የሚለው እኔን ብቻ ነው።

"እሁድ ቤቱ ይሆናል፣ አደይ" አልኩ። "ሰዎቹም አጠገቡ ይሆናሉ።"

"ተመስገን" አሉ። ይህም ውሸት አልነበረም፤ ግን እንደዚያ ቀን እውነት አንቆኝ አያውቅም።

እሁድ ማለዳ ሳሎኑ ሞላ። አደይ ስልካቸውን ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከአዲስ አበባ በኩል መጀመሪያ የንስሐ አባትየው ድምፅ፣ ቀጥሎ "አይዞህ፣ አይዞህ" የሚሉ ሰዎች፣ ከዚያ የወንድማቸው ልቅሶ ተሰማ። ማስመሰል ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልነበረም። ያ ሰውዬ ከሐሙስ ጀምሮ ጅማ ሆቴል ውስጥ፣ መኪና ላይ፣ ከሚስቱ ጋር ማዕድ ላይ ይዞት የቆየውን ሁሉ ነበር ያን ጊዜ የለቀቀው። "እማዬ! እማዬ!" ይላል። አደይም ከዚህ "ወንድሜ፣ አለሁልህ፣ ብቻህን አይደለህም!" ይላሉ። እርሱም "አይደለሁም፣ እትዬ፣ አይደለሁም" አላቸው።

ሲረጋጉ ስልኩ ተዘጋ። አደይ ዓይናቸውን ጠረጉና ቀና አሉ። ከረቡዕ ወዲህ ትከሻቸው እንደዚያ ዘና ብሎ አላየሁትም ነበር።

"እንደ ሰው ተነገረው" አሉ። "እንደ ወጉ። ይኸው በዚህ ልጅ ነው።" እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "ገጹን በኮምፒውተር ቆልፎ፣ መርዶው እንዳይቀድመን ያደረገልኝ እርሱ ነው።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በረኪና እንደነካው ልብስ ነጣሁ መሰለኝ። የጊጊሪው ጎረቤታችን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "እኔ ራሴ ልገባ ሞክሬ አልቻልኩም" ብለው መሰከሩልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኋላ የሚቀመጡት አዛውንትም ከፊት ሆነው ነበር። ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ።

"መምህር፣ እኔ ሳቅሁብህ እንጂ ለካ ነገሩ ይጠቅማል። እስቲ እንዴት አድርገህ እንደዘጋኸው ለሁላችንም አስረዳን።"

አርባ የሚሆን ሰው፣ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ቅዳሜ ትምህርቴን ጥለው የሚወጡት ሁሉ ሳይቀሩ፣ አፌን አፌን ያያሉ። እንደዚያ ያለ ክፍል ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

"ትንሽ ያስቸግራል" አልኩ።

"እኛ እኮ የትም አንሄድም፤ ለቅሶ ላይ ነን" አሉ አዛውንቱ።

"ረሳሁት፣ አባባ።"

"አንተ?" አሉ። "አንተ ማስረዳት ረሳህ?"

"ተዉት ልጄን" አሉ አደይ። "አልተኛም፣ ደክሞታል።" ከጎናቸው የነበረውን የንፍሮ ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ አፌን በንፍሮ ሞላሁት።